ስለ ትንሹ ባቡርና ስለ አንድ ሽማግሌ የሥራ ቤት

ፍርድ ቤቶች ለዕረፍት በሚዘጉበት በነሐሴ ወር የእኅታችንን ልጅ ለመጠየቅ ወደ እንግሊዝ አገር ተጕዘን ነበርና ከዚያ ካየነው ሁሉ አንዱን ብቻ መርጠን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ልንነግር ወደድን። ስለ ሎንዶን ከተማ ትልቅነት፣ ስለ ድልድዮችዋና ስለ ቤተ መንግሥትዋ ብዙ ሰዎች ስለ ጻፉ እኛ እርሱን አንደግመውም። የምንነግረው በባሕር ዳር ስላለ አንድ ረግረጋማ አገር፣ ቁመቱ ከሰው ደረት ብዙ ስለማይበልጥ ባቡር፣ በጓሮአቸውም ባለው የእንጨት ቤት ውስጥ ከዚያ እጅግ ያነሰ ባቡር በእጃቸው ስለሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ነው። የምንጠቅሰው ዓመት ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልን።

የእኅታችን ልጅ በሎንዶን አውቶቡሶች በሚታደሱበት ቤት መካኒክ ነው። ይህን ቃል አሁን እንዲህ በግልጥ እንጽፈዋለን እንጂ በአገራችን ሳለን እንዲህ ብለን አናውቅም ነበር። እናቱ ጎረቤት ሲጠይቃት «በመጓጓዣ መሥሪያ ቤት ነው» ትላለች። እኛም ባለፈው ዓመት ሚስት ልናጭለት ከሽማግሎች ጋራ በሄድን ጊዜ የልጅቱ አባት ሥራውን ቢጠይቁን «የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው» ብለን መለስን። ሐሰት መናገራችንን እናውቅ ነበር፤ ነገር ግን እጁ በዘይት የጠቈረ ነው ማለትን አፋችን እንቢ አለ። ልጅቱ ታጨች፤ ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቈረጠ። ሐሰቱም በዚያው ተቀመጠ።

በሎንዶን ከቅዱስ ፓንክራስ ጣቢያ የሚነሣው ፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ከሄደ በኋላ ፎክስቶን ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ አደረሰን፤ ከዚያም በአውቶቡስ ወደ ሃይዝ ሄድን። ሃይዝ ጸጥ ያለች ከተማ ናት። በአጠገብዋ የሚያልፈው ቦይ እንግሊዞች ናፖሊዮን ባሕሩን ተሻግሮ ይመጣብናል ብለው በፈሩ ጊዜ ከ1804 ጀምሮ የቈፈሩት ነው፤ ዛሬ ግን ዳክዬዎች ይዋኙበታል። የትንሹ ባቡር ጣቢያ ከዚህ ቦይ አጠገብ ነው።

ባቡሩን ባየን ጊዜ መጀመሪያ የመጣብን ሳቅ ነበር። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ናሱ የሚያብለጨልጭ፣ ጢሱና እንፋሎቱ እንደ ትልቁ የሆነ ባቡር ነው፤ ነገር ግን ነጂው በውስጡ ሲቀመጥ ራሱ ከጣራው በላይ ሊወጣ ጥቂት ይቀረዋል። የሐዲዱ ስፋት 38 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የነበረው የቀድሞው ሐዲዳችን 1 ሜትር፣ የእንግሊዞች ትልቁ ሐዲድ ደግሞ 143 ሳንቲሜትር ከግማሽ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ትንሽነቱን ይገምተዋል። ባቡሩ ራሱ የትልቁ ሲሶ ያህል ነው። የእኅታችን ልጅ ግን አልሳቀም። ጐንበስ ብሎ ከመንኰራኵሮቹ መካከል ያሉትን ዘንጎች እየተመለከተ «ጋሼ፣ ይህ መጫወቻ አይደለም፤ ሁሉ ነገር በእውነት ይሠራል» አለን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ሻምበል ሃዊና ካውንት ሉዊ ዝቦሮውስኪ የሚባሉ ሁለት ባለጸጎች፣ ሁለቱም በአውቶሞቢል እሽቅድምድም የታወቁ፣ እንዲህ ያለ ትንሽ የምድር ባቡር ለማቋቋም ተስማሙ። ካውንቱ በ1924 በኢጣልያ አገር በሞንዛ ሲሽቀዳደም ሞተ። ሃዊ ግን አሳቡን አልተወም፤ ሄንሪ ግሪንሊ የሚባለው መሐንዲስ ባቡሮቹን ነድፎ ቦታውንም መርጦለት መንገዱ በ1927 በሐምሌ ወር ተከፈተ፤ በዓመቱም እስከ ዳንጀነስ ተቀጠለ። ርዝመቱ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች ተረክበውት ጋሻ ያለበሱትና መትረየስ የጫኑበት ባቡር በዚሁ ሐዲድ ላይ ይመላለስ ነበር። እኛን የጐተተችን «ግሪን ጎደስ» የምትባለው በ1925 የተሠራች ናት፤ መቶ ዓመት የሆናት አሮጊት ስትሆን አካሄድዋ የኮረዳ ነው።

ሠረገላው ጠባብ ስለ ሆነ ጕልበታችን ከፊት ለፊታችን ከተቀመጡት ሽማግሌ ጕልበት ጋራ ገጠመ። ዕድሜአቸው ወደ 80 የተጠጋ፣ በጆሮአቸው ጥቂት የደከሙ፣ ጣቶቻቸው ወፋፍራም የሆኑ ሰው ናቸው። መንገዱ በሰዎች ጓሮ በጓሮ እያለፈ ስለሚሄድ የተሰጣ ልብስ፣ የጐመን መደብ፣ በር ላይ ቆማ እጅዋን የምታወዛውዝ ሕፃን ሁሉ ይታያል። ከዚያ በኋላ ሜዳው ይሰፋል፤ በጐች ብቻ ይቀራሉ። የዚህ ረግረግ በጎች በዓለም ሁሉ የታወቁ ናቸው፤ ጠጕራቸው ረዥም ነው፤ ሥጋቸውን ግን ስላልቀመስነው አንፈርድም።

ዳንጀነስ የምትባለው የመንገዱ መጨረሻ እንደዚያ ያለ ቦታ አይተን አናውቅም። ምድሩ አፈር አይደለም፤ ጠጠር ነው። ዛፍ የለበትም። የአሮጌ ባቡር ሠረገላዎች ከሐዲድ ወርደው መኖሪያ ቤት የሆኑበት አለ። ሁለት የመርከብ መብራት ግንቦች፣ አንዱ የ1904፣ አንዱ የ1961፣ ተራርቀው ቆመዋል። ከኋላቸውም በአቶም ኃይል ኤሌክትሪክ ይሠራባቸው የነበሩ ታላላቅ ሕንጻዎች አሉ፤ የመጀመሪያው በ2006 ሥራውን አቆመ፤ ሁለተኛው ከ2018 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ሳይሰጥ ቆይቶ በ2021 ፈጽሞ እንዲዘጋ ተወሰነ። በ1925 የተሠራችው ትንሽ የእንፋሎት ባቡር ግን ከእነዚያ ፊት ለፊት ዞራ እያፏጨች ትመለሳለች።

በዚያ ሻይ ስንጠጣ ሽማግሌው የእኅታችንን ልጅ «ሥራህ ምንድር ነው?» ብለው ጠየቁት። «የአውቶቡስ መካኒክ ነኝ» አላቸው። እጁን ያዙና ገልብጠው አዩት፤ እጅግም ደስ አላቸው። ከዚያ በኋላ ወደ እኛ ዘወር ብለው የእኛን ሥራ ጠየቁን። «የፍርድ ቤት ጸሐፊ» አልናቸው። «መልካም ነው» አሉንና ወደ እርሱ ተመለሱ። ሁለቱ ስለ ኩሽኔታና ስለ ዘይት መነጋገር ጀመሩ፤ እኛም በሃያ ዓመት አገልግሎታችን እንደዚያ ቀን ተረስተን አናውቅም። በመጨረሻ በማግሥቱ ወደ ቤታቸው እንድንመጣ ጋበዙን።

ቤታቸው ከኒው ሮምኒ ጥቂት ራቅ ብሎ ነው። የሥራ ቤታቸው በጓሮ ያለ፣ ወርዱ 3 ሜትር ርዝመቱ 4 ሜትር የሚሆን የእንጨት ቤት ነው። በመስኮቱ ሥር ሞርሳ የታሰረበት ጠረጴዛ፣ በግድግዳው ሞረዶች እንደ ካህናት መቋሚያ ተደርድረው፣ በማዕዘን መሰርሰሪያ፣ በመካከልም ቶርኖው አለ። ቶርኖ ማለት ብረቱን እያሽከረከረ በስለት የሚቀርጽ መኪና ነው፤ በድሬ ዳዋ በምድር ባቡሩ የሥራ ቤት ያሉትን ትልልቆቹን ያየ ሰው ያውቀዋል። የሽማግሌው ግን ሁለት ሰው የሚሸከመው ትንሽ ነው። ማይፎርድ የሚባል ኩባንያ በኖቲንግሃም አጠገብ በቢስተን ይሠራው የነበረ ዓይነት ነው፤ ይህ ዓይነት በ1946 ወጣ፤ ፋብሪካው በ2011 ተዘጋ። በእንግሊዝ አገር በየጓሮው ያሉት የእጅ ባለሙያዎች ብዙዎቹ በዚህ ቶርኖ ነው ያደጉት።

አንባቢ ሆይ፣ መኪና መግዛትና መኪና ማኖር ሁለት ነገር መሆኑን በዚያ ቤት ተማርን። ያ አገር የባሕር ዳር ስለ ሆነ አየሩ ጨው አለበት፤ ለአንድ ሳምንት የተተወ ብረት እንደ በርበሬ ይቀላል። ሽማግሌው ሥራ ሳይጀምሩ በፊት በየቀዳዳው ዘይት ያጠጡታል፤ ሥራውን ሲጨርሱ የብረቱን ፍቅፋቂ በብሩሽ ይጠርጋሉ እንጂ በአየር አይነፉትም፤ የተነፋ ፍቅፋቂ ተንሸራታቹ ሥር ገብቶ ብረቱን ይበላዋልና። ከዚያም በዘይት ጨርቅ ያብሱታል፤ ያለብሱታል። በክረምት ሌሊት ጤዛ እንዳይቀመጥበት ትንሽ ማሞቂያ ከሥሩ ያበሩለታል። ባለቤታቸው ይህን ስንሰማ «ለእኔ መኝታ ቤት ማሞቂያ የተገዛው ከእርሱ ሁለት ዓመት በኋላ ነው» አሉን። እኒህ እመቤት በጋብቻቸው ዘመን ሁሉ የብረት ፍቅፋቂ ያልተገኘበት ምንጣፍ እንዳልነበራቸው፣ የዳቦ መጋገሪያቸውም ኩሽኔታ ሲሞቅበት እንደ ኖረ ነገሩን። ሲናገሩ ግን እየሣቁ ነበር፤ ሻዩንም እስከ ሥራ ቤቱ በር ድረስ ያመጡላቸዋል።

ሽማግሌው ቶርኖውን አስነሥተው አንድ የነሐስ ዘንግ ሲቀርጹ የእኅታችን ልጅ ራሱን አዘንብሎ አዳመጠና «ይንቀጠቀጣል» አለ። በተቀረጸው ላይም እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ጥቃቅን ምልክት አሳያቸው። ጆሮአቸው ስለ ደከመ ድምፁን አልሰሙትም ነበር፤ ምልክቱን ግን ከእጃቸው መንቀጥቀጥ የመጣ መስሎአቸው ብዙ ጊዜ አዝነውበታል። ሁለቱ ሆነው የኩሽኔታውን ክዳን ፈቱት። በክዳኑ ሥር ብዙ ስስ ቅጠል ተደራርቦ የተሠራ የናስ ንጣፍ አለ፤ ኩሽኔታው ሲበላ ከቅጠሎቹ አንዱን ልጦ በማውጣት ክዳኑን ያጠብቁታል። ከሲጋራ ወረቀት ብዙ የማይወፍር አንድ ቅጠል አወጡ፤ መልሰውም አሰሩት፤ ዘንጉም እንደ መስታወት ሆኖ ወጣ። ሽማግሌው ጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «እንግዲያስ እጄ አልነበረም» አሉ።

የሚሠሩት ባቡር በጠረጴዛው ላይ በሁለት ወገን ነበረ። የታችኛው ክፍል፣ መንኰራኵሮቹና ሲሊንድሮቹ ያሉበት፣ አልቆአል፤ ገና እንፋሎት ስለሌለው በታመቀ አየር አስነሡልን፤ መንኰራኵሮቹ ያለ ድምፅ ዞሩ። የሐዲዱ ስፋት 5 ኢንች ስለ ሆነ ባቡሩ ከዋናው 11 እጅ ያነሰ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥልቅ ነገር አለ። ርዝመቱ 11 እጅ ሲያንስ የፊቱ ስፋት 121 እጅ፣ በውስጡ ያለው ውሃ ደግሞ 1,331 እጅ ያንሳል። ስለዚህ ሙቀቱን የያዘው ውሃ እጅግ ጥቂት ሲሆን ሙቀቱ የሚወጣበት ፊት ያን ያህል አላነሰም፤ ትንሹ ጋን ቶሎ ይፈላል፤ ቶሎም ይቀዘቅዛል። በትልቁ ባቡር የእሳቱ ጢስ የሚያልፍባቸውን ቧንቧዎች በልኩ ቢያሳንሱአቸው አመድ ደፍኖአቸው እሳቱ ይታፈናል፤ ስለዚህ በቍጥር ጥቂት፣ በስፋት ግን ሰፋ ያሉ ያደርጓቸዋል። የውሃውን ከፍታ የሚያሳየው የብርጭቆ ቧንቧም ከመጠን በላይ ከቀጠነ ውሃው ይጣበቅበትና የሌለውን ውሃ አለ ብሎ ያሳያል። እኛ በፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ምስክር እናውቀዋለን።

ይህ ሥራ በእንግሊዝ አገር የቆየ ነው። ፐርሲቫል ማርሻል በ1898 በሎንዶን «ዘ ሞዴል ኢንጂኒር» የሚባለውን መጽሔት አቋቋመ፤ በዚያው ዓመት የዚህ ሥራ ወዳጆች ማኅበር ተመሠረተ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ግን ትልቅ ክርክር ተነሣ። ብዙዎቹ ትንንሾቹን ባቡሮች በስፒሪቶ መብራት ያሞቋቸው ነበር፤ እንዲህ ያነሰ ባቡር እንደ ትልቁ ከሰል ይበላል፣ ሰውም ይጐትታል ብሎ የሚያምን አልነበረም። የአንድ የምድር ባቡር ኩባንያ የስም መነሻ ፊደሎችን «ኤል. ቢ. ኤስ. ሲ.» ብሎ የብዕር ስም ያደረገ ጸሐፊ ግን የሐዲድዋ ስፋት ሁለት ኢንች ተኩል የሆነች «አይሻ» የምትባል ባቡር ሠርቶ ከሰል እያቃጠለች ሰው ስትጐትት በሕዝብ ፊት አሳየ። ክርክሩ በዚያ ተፈጸመ ማለት ይቻላል። ያ ሰው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በመጽሔቱ እየጻፈ ቶርኖ ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ተከትሎት ሊሠራ እንዲችል አድርጎ አስተማረ። ሽማግሌአችንም በወጣትነታቸው የተማሩት ከእርሱ ጽሑፍ ነው፤ ገጾቹ ዘይት ጠጥተው ቡናማ ሆነው እስከ ዛሬ በመሳቢያቸው አሉ።

ቅዳሜ ዕለት ማኅበራቸው ወዳለበት ሜዳ ሄድን። ክብ ሐዲድ ተዘርግቶ ልጆችና አያቶች በትንንሽ ሠረገላ ላይ ተፈናጠው ይጐተታሉ፤ እኛም ኮታችንን ሰብስበን አንድ ዙር ዞርን፤ ደስታውን አንደብቅም። ቀድሞ ለእንዲህ ያለ ባቡር የሚሆነው መልካም ከሰል ከዌልስ ይመጣ ነበር፤ ማውጫዎቹ ስለ ተዘጉ ዛሬ ማግኘቱ አስቸጋሪ ሆኖአል ይላሉ። የሽማግሌው ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። የባቡራቸውን የላይኛውን ክፍል፣ ከመዳብ የሠሩትን የውሃ ማፍያ ጋን፣ ለፈተና አምጥተው ነበር። ሰባት ዓመት ሠርተውታል።

በዚያ አገር ሕግ መሠረት ሳይሆን አይቀርም ብለን ብንጠይቅ ማኅበሮቹ ራሳቸው የተስማሙበት ሥርዓት ነው አሉን። ማንም የሠራውን ጋን ራሱ አይመረምርም። ጋኑ በውሃ ይሞላል፤ ሲሠራ ከሚሸከመው ግፊት እጥፍ በእጅ ፓምፕ ይጫንበታል። የእርሳቸው ጋን በአንድ ካሬ ኢንች ላይ 80 ፓውንድ ይሸከማል፤ ስለዚህ 160 መቻል አለበት። ውሃ ስለማይታመቅ ጋኑ ቢሰነጠቅ እንኳ ያፈሳል እንጂ አይፈነዳም፤ ሰውም አይጎዳም። ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ ስፋቱ 30 ካሬ ኢንች በሆነ፣ ከመጽሐፍ ገጽ በማይበልጥ የጋኑ ግድግዳ ላይ 80 ፓውንድ ሲገፋ 2,400 ፓውንድ ማለት 11 ኩንታል እህል ያህል ይጫነዋል። ዝርግ ግድግዳ በዚህ ግፊት እንዳይነፋ ውስጠኛውንና ውጭኛውን ግድግዳ የሚያያይዙ ብዙ የመዳብ ዘንጎች ተበይደውበታል።

መርማሪው የሽማግሌው የሠላሳ ዓመት ወዳጅ ናቸው። ፓምፑን ቀስ ብለው ጫኑት። 100፣ 120፣ 140 ሆነ። ሁሉ ዝም አለ። 160 ላይ ሲደርስ መርማሪው ሰዓታቸውን ተመለከቱ። አራት ደቂቃ ሳይሆን ከአንደኛው ዘንግ ራስ ላይ እንደ እንባ ያለች አንዲት የውሃ ጠብታ ወጣች። መርማሪው በጣታቸው ጠረጓት፤ ተመልሳ ወጣች። ወረቀቱን አጥፈው ከኪሳቸው ከተቱና «አልፈርምም» አሉ። ሽማግሌውም «እኔም አልፈርምልህም ነበር» ብለው መለሱ። እኛ በሥራችን ለወዳጅ ሲባል የተጻፉ ብዙ ወረቀቶች አይተናል፤ ሌላም ከሆነ ያየነው እኛው ራሳችን ሽማግሌ ሆነን የተናገርነው አለ። በዚያ ሰዓት ትዝ ያለን ያ ነበር።

ማታ ሽማግሌው ምክንያቱን ነገሩን። መዳብን በብር ለመበየድ ከ600 ዲግሪ በላይ ሙቀት ያስፈልጋል። መዳብ ደግሞ ሙቀትን እጅግ ስለሚያስተላልፍ በአንድ ወገን ሲያሞቁት በሌላው ወገን ይሸሻል፤ ስለዚህ እንደዚያ ያለ ጋን ሁለት ሰው በሁለት ነበልባል በአንድ ጊዜ መያዝ አለበት። ሁል ጊዜ ሁለተኛውን ነበልባል የሚይዝላቸው ወዳጅ ሁለት ክረምት በፊት ሞቱ። የመጨረሻዎቹን ዘንጎች ብቻቸውን በየዱ።

የእኅታችን ልጅ «ነገ እኔ እይዝልዎታለሁ» አላቸው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋኑን ዝገቱ እንዲለቅ በቀጭን አሲድ አጠቡት፤ ነጩን ቦራክስ ቀቡት፤ በጡብ መካከል አስቀመጡት። ሲመሽ ነበልባሉን ለኰሱ፤ በጨለማ የመዳቡን ቀለም ማየት ይሻላልና። አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ሆነው ጋኑ እንደ ጠለቀች ፀሐይ እስኪቀላ አሞቁት። ሽማግሌው የብሩን ዘንግ ባስነኩት ጊዜ ብሩ እንደ ውሃ ሆኖ በዘንጉ ዙሪያ ሮጠ። የሁለቱም ፊት በእሳቱ ብርሃን ሲታይ በልባችን ተቀብሮ የነበረ ነገር ተነሣ።

ጋኑ ሲቀዘቅዝ በደጅ ተቀምጠን ሳለ ሽማግሌው አንድ ታሪክ አወሩልን። ከእውነተኛው ባቡር በፊት ትንሹ ባቡር ነው የተወለደው። በ1784 በኮርንዎል አውራጃ በሬድሩዝ ከተማ ዊልያም መርዶክ የሚባል ብልሃተኛ በመብራት የምትሞቅ ትንሽ የእንፋሎት ሠረገላ ሠርቶ ነበር። አንድ ሌሊት በመንገድ ሲሞክራት አምልጣው ሮጠች፤ የአጥቢያው ቄስ እሳትዋንና ፉጨትዋን በጨለማ ባዩ ጊዜ ዲያብሎስ የመጣባቸው መስሎአቸው ጮኹ ይባላል። በዚያው ከተማ መርዶክን የሚያውቀው ሪቻርድ ትሬቪቲክ ከሃያ ዓመት በኋላ በ1804 በዌልስ አገር በሐዲድ ላይ ብረትና ሰው የጫነ ባቡር አስኬደ።

«በአገራችሁስ?» አሉን።

ያን ጊዜ ተናገርን። በአገራችን ብረት የሚሠራ ሰው ቡዳ ይባል እንደ ነበር፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ ይፈራ እንደ ነበር፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓመተ ምሕረት ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እንደ ከለከሉ ነገርናቸው። ብረት ሠሪው ጠይብ፣ የሚጽፈውም ሰው ጠንቋይ እየተባለ ይሰደብ እንደ ነበር ያ አዋጅ ራሱ ይናገራል፤ ጸሐፊውና ቀጥቃጩ በአንድ መስመር ነው የተጠሩት። ከዚያም በኋላ የእናታችን አባት ቀጥቃጭ እንደ ነበሩ፣ ይህንንም ለአርባ ዓመት ለማንም ተናግረን እንደማናውቅ ተናገርን። የአባታችን አባት ቄስ ስለ ነበሩ በየቦታው የምንጠራው እርሳቸውን ብቻ ነበር።

የእኅታችን ልጅ ለብዙ ጊዜ ዝም አለ። «ጋሼ፣ እናቴ ታውቃለች?» አለን። «ታውቃለች» አልነው። ስለ እጮኛው አባትም የተናገርነውን ሐሰት ነገርነው። በጨለማ ፊቱን አላየንም። በመጨረሻ «እኔ ለልጅቱ መጀመሪያ በጻፍኩላት ደብዳቤ ነግሬአታለሁ፤ እርስዋም አውቃ ዝም ብላለች፤ የቀሩት አባትዋ ናቸው» አለ። ከዚህ በላይ አንዳች ቃል አልጨመረብንም፤ ቢቈጣን ይሻለን ነበር።

ሽማግሌው ነገሩን ሁሉ ሰምተውት ወይም ሳይሰሙት እንደ ሆነ አላወቅንም፤ አያታችን እሳቱን በምን ያነድዱ እንደ ነበር ጠየቁን። «ከፍየል ቆዳ በተሠራ ወናፍ» አልን፤ በሁለት እጅ ሁለት ወናፍ በተራ ሲጫን ነፋሱ እንደማይቋረጥ በእጃችን አሳየናቸው። ማረሻውን እንዴት ያጠነክሩት እንደ ነበር ጠየቁን፤ ልንመልስላቸው አልቻልንም። በልጅነታችን ወደዚያ እንዳንሄድ ተከልክለን ከአጥር ውጭ ሆነን የወናፉን ድምፅ ነበር የምንሰማው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋኑ ተመልሶ ቀረበ። 160 ላይ መርማሪው ሰዓታቸውን አወጡ፤ አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ አለፈ። መርፌው አልነቀነቀም፤ ዘንጉም ደረቅ ነበር። መርማሪው በጋኑ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞረው በእጃቸው ዳሰሱት፤ ወረቀቱን በጕልበታቸው ላይ አድርገው ፈረሙ። ሠሪው ማን ነው በሚለው መስመር ላይ ሽማግሌው ብዕሩን ከእጃቸው ተቀበሉና ከስማቸው ቀጥሎ የእኅታችንን ልጅ ስም ጻፉ፤ ፊደሉን እንዳይሳሳቱ እኛ አንድ በአንድ ነገርናቸው።

ያን ማታ በሎንዶን ወደ ልጅቱ አባት ደብዳቤ መጻፍ ጀመርን። ከሰላምታው ቀጥሎ ያለውን መስመር ሦስት ጊዜ ሰርዘነው በአራተኛው «የእኅታችን ልጅ የአውቶቡስ መካኒክ ነው» ብለን ጻፍን፤ ከሥሩም የእናታችንን አባት ስምና ሥራቸውን ጨመርን።